ወንዝ የሄደባት ካሱር

ውጭ አገር የምትኖሩ ሰዎች የህንድ ቅመም ሱቅ ስትገቡ «ካሱሪ ሜቲ» የሚል ፓኬት ሳታዩ አትቀሩም። ከፍታችሁ ብታሸቱት ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ አብሽ ነው። እኛ ፍሬውን ፈጭተን እንመታለን፣ እነሱ ደግሞ ቅጠሉን አድርቀው ወጥ ላይ ይበትናሉ። «ካሱሪ» ማለት «የካሱር» ማለት ነው፤ ስሙን የሰጠችው በፓኪስታን ፑንጃብ፣ ከላሆር በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የድንበር ከተማ ናት። ዛሬ በህንድ ገበያ የሚሸጠው ብዙው ካሱሪ ሜቲ የሚበቅለው ራጃስታን ውስጥ፣ ናጎር አካባቢ ነው። ስሙ ድንበር ተሻግሮ ሄዷል፤ ከተማዋ እዚያው ቀርታለች።

ስለ ካሱር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ወይ ቅዱሷ ነው ወይ ሽታዋ። ቅዱሱ የሱፊው ባለቅኔ ቡሌ ሻህ ነው፤ ሽታው የቆዳ ፋብሪካዎቿ። ለእኔ ግን የዚህች ከተማ ነገር ግልጽ የሚሆነው በውሃዋ በኩል ሲታይ ነው። ወንዝ ውሃ ያመጣል ብለን እናስባለን፤ ቆሻሻ እንደሚወስድ እንረሳለን። ካሱር ያጣችው ይህን የሚወስድላትን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ስሟ ሁለት ታሪክ ይነገራል። በሂንዱ አፈ ታሪክ ከራማ ሁለት ልጆች ላቫ ላሆርን፣ ኩሻ ካሱርን ቆረቆሩ። ሌላው ትርጓሜ ከዐረብኛው «ቀስር» የሚነሳ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ «ቁሱር» ሲሆን ትርጉሙ ግንቦች፣ ቤተ መንግሥቶች ማለት ነው። በሙጋሎች ዘመን እዚህ የሰፈሩት ፓሽቱኖች እያንዳንዱ ወገን በየራሱ አጥር ውስጥ «ኮት» የሚባል ምሽግ መንደር ሠርቶ ይኖር ነበር፤ ከተማዋ የእነዚህ ኮቶች ጥርቅም ናት። ዛሬም ብዙ ሰፈሮች ስማቸው «ኮት» ብሎ ይጀምራል።

ከተማዋ የምትገኘው በአሮጌው የቢያስ ወንዝ አልጋ ዳር ነው። አሮጌው የምለው ቢያስ ራሱ እዚያ ስለሌለ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሰትለጅ ገባ፤ ለካሱር የቀረላት ዝቅ ያለ ሸለቆ ብቻ ነበር። ያኔ ወንዙን ማንም አልወሰደውም፣ ራሱ ሄደ። የፑንጃብ ወንዞች እንዲህ ናቸው፤ አገሩ ሜዳ፣ አፈሩ ደለል ስለሆነ ወንዝ እንደ እባብ ይጣመማል። ይህን ዝቅተኛ ቦታ ግን ልብ በሉት፤ ቆዳው ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ቡሌ ሻህ የኖረው ቢያስ ከመሄዱ በፊት ነው፤ በ1680 ተወልዶ በ1757 እንደሞተ ይነገራል። ቤተሰቡ ከነቢዩ ዘር እንቈጠራለን የሚል ነበር። እሱ ግን መምህር አድርጎ የያዘው የላሆሩን ሻህ ኢናያትን፣ ከአትክልተኛ ወገን የሆነን ሰው ነው። ይህ በዘር በሚኮራ ማኅበረሰብ ውስጥ ትልቅ ነውር ነበር። ግጥሞቹን በፑንጃቢ፣ በተራው ሰው ቋንቋ ነው የገጠመው፤ ሙስሊሙም ሲኩም ሂንዱውም በቃሉ ያውቃቸዋል። መቃብሩ የከተማዋ እምብርት ነው፤ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ለክብረ በዓሉ ሕዝብ ይጎርፋል። ዘፋኟ ኑር ጀሃንና የክላሲካል ሙዚቃው ሊቅ ባዴ ጉላም አሊ ካንም የተወለዱት እዚህ ነው። እሷ ኑሮዋን ፓኪስታን አደረገች፣ እሱ የኋላ ኋላ ወደ ህንድ ሄዶ እዚያው ሞተ።

ፖለቲካውን ላሳጥረው። የሲኩ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ በ1807 ከተማዋን ከፓሽቱን ገዥዎቿ ነጠቀ፤ በ1849 እንግሊዞች ፑንጃብን በሙሉ ያዙ። ሚያዝያ 12 ቀን 1919፣ የአምሪትሳሩ የጃሊያንዋላ ባግ ጭፍጨፋ ሊፈጸም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ካሱር ባቡር ጣቢያ ላይ ሕዝብ ተቆጥቶ ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች ተገደሉ። ቅጣቱ ወታደራዊ አገዛዝና በአደባባይ መግረፍ ሆነ፤ እስረኞችም ጣቢያው አጠገብ በተሠራ የፍርግርግ ማጎሪያ ውስጥ ታጎሩ።

አሁን ወደ ውሃው። «ፑንጃብ» ማለት አምስት ውሃ ማለት ነው፤ ጄለም፣ ቼናብ፣ ራቪ፣ ቢያስና ሰትለጅ። እንግሊዞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በእነዚህ ወንዞች ላይ ግዙፍ የቦይ መረብ ዘረጉ። የካሱርን መሬት ያጠጣ የነበረው ቅርንጫፍ ቦይ «የካሱር ቅርንጫፍ» ይባል ነበር፤ ውሃው የሚጠለፈው ግን ከራቪ ላይ፣ ማዶፑር ከሚባል ቦታ ነው። ከታች ያለው የዲፓልፑር ቦይ ደግሞ ከሰትለጅ፣ ከፊሮዝፑር መጥለፊያ ይቀዳ ነበር። ሁሉም አንድ አገር በነበረ ጊዜ ይህ ማንንም አላሳሰበም።

በ1947 እንግሊዛዊው ጠበቃ ሲሪል ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ ሳያውቅ መጥቶ፣ በአምስት ሳምንት ገደማ ፑንጃብን ለሁለት ሰነጠቀ። መስመሩ ለሕዝብ የተነገረው ነሐሴ 17 ነው፤ ሁለቱ አገሮች ነጻነታቸውን ካከበሩ በኋላ ማለት ነው። የካሱር ወረዳ ራሱ ተከፈለ። ካሱር ለፓኪስታን፣ ፓቲና ኬም ካራን ለህንድ ደረሱ። ሲኮችና ሂንዱዎች ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ፣ ከምሥራቅ ፑንጃብ የተፈናቀሉ ሙስሊሞች ባዶ ቤታቸው ገቡ። ወደ አምሪትሳር የሚሄደው ባቡር እንደተቋረጠ ቀረ።

ሰው ስለ ክፍፍሉ ሲያወራ ደሙን ያወራል፤ ልክም ነው። ቦዮቹን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ቦዩ ፓኪስታን ውስጥ፣ የቦዩ በር ህንድ ውስጥ ሆነ። ማዶፑርም ፊሮዝፑርም ከድንበሩ ማዶ ቀሩ። ሚያዝያ 1 ቀን 1948 ህንድ በሮቹን ዘጋች፤ መዝሪያ ወቅት ላይ የካሱር ቅርንጫፍም ዲፓልፑርም ደረቁ። በግንቦት መጀመሪያ በጊዜያዊ ስምምነት ውሃው ተለቀቀ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀም። አባይን ከላይ ሆነን ማየት ለለመድን ለእኛ ይህ ታሪክ ትንሽ ይቆረቁራል፤ ነገሩን ከታች ከተቀመጠው ሰው ዓይን ያሳየናል።

ከረጅም ድርድር በኋላ በዓለም ባንክ አሸማጋይነት የኢንደስ ውሃ ስምምነት መስከረም 19 ቀን 1960 ካራቺ ላይ ተፈረመ። ፈራሚዎቹ የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩና የፓኪስታኑ ፕሬዚዳንት አዩብ ካን ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚወደስ ስምምነት ነው፤ ሁለቱ አገሮች በ1965ና በ1971 ሲዋጉ እንኳ አልፈረሰም። አሠራሩ ግን ከሌላው ዓለም የተለየ ነው። በየትኛውም ወንዝ ላይ ውሃውን በመቶኛ አልተካፈሉም፤ ወንዞቹን ራሳቸውን ነው የተካፈሉት። ምሥራቃዊዎቹ ራቪ፣ ቢያስና ሰትለጅ ለህንድ፣ ምዕራባዊዎቹ ኢንደስ፣ ጄለምና ቼናብ በዋናነት ለፓኪስታን። ፓኪስታን ከምዕራቡ ወንዞች ወደ ምሥራቁ መሬቷ ውሃ የሚያሻግሩ ቦዮች ቆፈረች፤ ህንድ ለወጪው 62 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈለች።

የካሱር ገበሬ ስለዚህ የመስኖ ውሃ አላጣም፤ ከሩቅ ይመጣለታል። የጠፋው ወንዙ ነው። ህንድ ላይ እንደ ባክራ ያሉ ግድቦችና የሃሪኬ መጥለፊያ ሰትለጅን ጠቅልለው ለመስኖ ያዋሉት ሲሆን፣ ድንበሩ ጋ ሲደርስ በዓመቱ አብዛኛው ወራት የተረፈው አሸዋ፣ ኩሬና የፍሳሽ ጅረት ነው። በስምምነቱ ውስጥ በምሥራቃዊዎቹ ወንዞች ይህን ያህል ውሃ ወደ ታች ይለቀቅ የሚል ድንጋጌ የለም። በ1960 መሐንዲሶች ወንዝን የሚያዩት እንደ በርሜል ነበር፤ ወደ ባሕር የሚወርድ ውሃ እንደ ብክነት ይቈጠራል። ዓሣው፣ የጉድጓዱ መሙላት፣ የቆሻሻው መታጠብ በሒሳቡ አልገቡም።

እንግዲህ በዚህች ወንዝ አልባ ከተማ ነው የቆዳ ሥራ ያበበው። ከክፍፍሉ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ከ200 በላይ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ፋብሪካ ሲባል ትልቅ ጭስ ማውጫ አታስቡ፤ ብዙዎቹ ጥቂት የሚሽከረከሩ የእንጨት ከበሮዎች ያሏቸው፣ ከመኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ግቢዎች ናቸው።

ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ ካላወቅን ብክለቱ አይገባንም። ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ተጠብቆ ይመጣል። ታጥቦ ጨው፣ ደምና ፈርስ ይወጣለታል። ከዚያ ጠጉሩ እንዲመለጥ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይዘፈዘፋል፤ የገማ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጋዙ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል። ቀጥሎ በአሲድ ይነከርና በመጨረሻ ክሮሚየም ይገባል። ድሮ በዛፍ ቅርፊት ሲለፋ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በክሮሚየም በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል፤ ዓለም ሁሉ ወደ ክሮሚየም የዞረው ለዚህ ነው። ችግሩ በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚጠጣው ከገባው ክሮሚየም ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው፤ ቀሪው ከውሃው ጋር ይደፋል። አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ተለፍቶ የሚገኘው የመጨረሻ ቆዳ 200 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ለዚያ የሚፈሰው ውሃ 30 ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ ነው። ሞጆ አካባቢ የኖረ አንባቢ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ የት ይሂድ? ሰትለጅ ደርቋል፣ ቢያስ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሄዷል። ፍሳሹ ወደዚያ ልብ በሉት ወዳልኩት ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ተኛ። ጥቁር ኩሬዎች በመቶ በሚቈጠር ሄክታር መሬት ላይ ለዓመታት ቆሙ። ፀሐይ ውሃውን ሲያተነው ጨውና ክሮሚየሙ ይቀራል፤ ያልተነነው ወደ ታች ይሰርጋል። ከታች ያለው ደግሞ ከተማው የሚጠጣው ጉድጓድ ነው።

በ1990ዎቹ የፓኪስታን መንግሥት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ኖርዌይ ተጋግዘው የጋራ ማጣሪያ ጣቢያ ሠሩ፤ ሥራ የጀመረው በ2001 ነው። ኩሬዎቹ ተመጠጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማቃለል አይገባም። ግን ጣቢያው የሚያደርገው ቅድመ ማጣሪያ ነው። ዝቃጩን ያስቀራል፣ ክሮሚየሙን በአብዛኛው ይይዛል፤ ጨው ግን በእንዲህ ዓይነት ማጣሪያ አይያዝም፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ያልፋል። ሌላው ጣጣ ገንዘብ ነው። ሕንፃውን ለጋሽ ይሠራዋል፣ የኤሌክትሪኩንና የጥገናውን ሒሳብ ግን ከበሮ አዟሪው ባለ ትንሽ ግቢ ነው የሚከፍለው። እሱ ደግሞ ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህንኑ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትንንሽ ፋብሪካዎችን በጋራ ማጣሪያ ማዳን የሚቻለው ክፍያው ከውሃ ቆጣሪ ጋር ሲታሰር ብቻ ነው፤ በፈቃደኝነት የሚከፈል መዋጮ የትም አገር አልሠራም።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚያምታቱት ነገር አለ። በካሱር ውሃ ውስጥ መርዝ አለ ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ምንጫቸውም መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ክሮሚየም ነው፣ የሰው ሥራ ነው፣ ምንጩን መዝጋት ይቻላል። ቆዳው ላይ የሚገባው ዓይነት ያን ያህል ኃይለኛ መርዝ አይደለም፤ ተለውጦ ስድስተኛ ደረጃ ክሮሚየም ከሆነ ግን ካንሰር ያመጣል።

ሁለተኛው ፍሎራይድ ነው። በ2000 በካሱር አውራጃ ከላሆር ወዲህ ባለችው በካላላንዋላ መንደር እግራቸው የተጣመመ፣ አጥንታቸው የጎበጠ ሕፃናት ጉዳይ አገር አነጋገረ። በ2007 የታተመ ጥናት ከ24 እስከ 27 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ በሊትር ከ2.47 እስከ 21.1 ሚሊግራም ፍሎራይድ አግኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው 1.5 ነው። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ የሚሆነው በዚሁ ማዕድን ነው፤ እዚያ ግን ከእሳተ ገሞራ አለት ይመጣል። በካላላንዋላ አጥኚዎቹ የጠረጠሩት ማዳበሪያንና የጡብ ማቃጠያዎች የሚያነዱትን የድንጋይ ከሰል ነው።

ሦስተኛው አርሰኒክ ነው። ያው ጥናት በተመረመሩት የጉድጓድ ውሃዎች በሙሉ በሊትር ከ32 እስከ 1,900 ማይክሮግራም አግኝቷል፤ ገደቡ 10 ነው። ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት በኢንደስ ሜዳ ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ሰው በሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ያለበት ውሃ የሚጠጣ እንደሆነ ገምቷል። በሜዳው ሁሉ የተሰራጨ ይህን ያህል አርሰኒክ ፋብሪካ ያመጣው ሊሆን አይችልም። ከሂማላያ ወንዞች ያወረዱት ደለል ውስጥ ያለ ነው፤ ከባድ መስኖ አፈሩን እያራሰ ወደ ውሃው እንዲለቀቅ ሳያግዘው አልቀረም።

የፍሎራይዱ ጥናት አንድ ጥሩ ዜና ነበረው፤ ጠለቅ ያለው ውሃ ከፍሎራይድ ነጻ ነው። አርሰኒኩ ግን በሁሉም ጥልቀት ተገኝቷል። «ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ» የሚለው ምክር ስለዚህ ግማሽ መልስ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ ገንዘብ ያለው ይቆፍራል፤ የሌለው የእጅ ፓምፑን ይነቀንቃል፣ የእጅ ፓምፕ የሚደርሰው የላዩ ውሃ ላይ ነው።

አየሩም የውሃው ዕዳ አለበት። በጥቅምትና በኅዳር ገበሬዎች የሩዝ አገዳ ሲያቃጥሉ ፑንጃብ ከዳር እስከ ዳር በጭስ ይታፈናል። በ2009 የህንድ ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውሃ እንዳያልቅ ብላ ሩዝ ከሰኔ 10 በፊት እንዳይተከል በሕግ ከለከለች። ውሃ ተረፈ፤ አጨዳው ግን ወደ ኅዳር ተገፋ። በዚያ ወቅት ንፋሱ ይቆማል፣ አየሩ ይከብዳል፣ ጭሱ መሬት ላይ ይተኛል። ስንዴ ለመዝራት የቀረው ጊዜም አጭር ስለሆነ ገበሬው ክብሪት ይጭራል። በዚህኛው በኩል የሚነደው አገዳ፣ የጡብ ማቃጠያውና የመኪናው ጭስ ሲጨመርበት የላሆር የአየር ብክለት መለኪያ በኅዳር 2024 ከ1,000 አልፏል። ካሱር የሁለቱም መሐል ናት።

በአውራጃው ውስጥ ቻንጋ ማንጋ የሚባል ሰው የተከለው ደን አለ። እንግሊዞች በ1866 ለባቡር ማገዶ ብለው ያለሙት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሁለት ሽፍታ ወንድማማቾች ነው ይባላል። ደኑ ለዓመታት በእንጨት ሌቦች ተመንጥሯል። ከእሱ የባሰው የጥንብ አንሶቹ ነው። እዚያ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት በሺህ የሚቈጠሩ ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቁ፤ ምክንያቱን ያገኘው በ2004 የታተመ ጥናት መረጃ ከሰበሰበባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ደን ነው። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከብቱን ወጉት፣ ከብቱ ሞተ፣ ቆዳው ተገፈፈ፣ ሥጋውን የበላው ወፍ ኩላሊቱ ፈረሰ። መድኃኒቱ ለከብት በ2006 ታገደ።

ሰትለጅ ደርቋል ያልኩት ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በክረምት ግድቦቹ ሲሞሉ ህንድ ውሃውን ከመልቀቅ ሌላ አማራጭ የላትም። ደረቁ አልጋ ላይ ደግሞ በደረቅ ዓመታት ሰው ሰፍሯል፣ አርሷል፣ ከብት አስሯል። በ2023 ወንዙ መጣ፤ በነሐሴ 2025 ደግሞ ባለሥልጣናት ከ1955 ወዲህ ያልታየ ያሉት ጎርፍ ጋንዳ ሲንግ ዋላ ላይ ደረሰና ከተማዋን ራሷን አሰጋ።

ጋንዳ ሲንግ ዋላ ከካሱር አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ የድንበር ኬላ ነው። ማዶው የህንዷ ሁሴኒዋላ ናት፤ እንግሊዞች በ1931 ላሆር ላይ የሰቀሉት የነጻነት ታጋይ ባጋት ሲንግ አስከሬኑ የተቃጠለው እዚያ ሰትለጅ ዳር ነው። የፊሮዝፑር መጥለፊያ በሮች ያሉትም እዚያው ነው፤ ከካሱር መሬት በጥቂት ኪሎ ሜትር። የሁለቱ አገሮች ወታደሮች በየማታው ፊት ለፊት ሰንደቅ ያወርዳሉ፣ ከሁለቱም ወገን ተመልካች መጥቶ ያጨበጭባል።

ህንድ በሚያዝያ 2025 ካሽሚር ውስጥ ፓሃልጋም ላይ በቱሪስቶች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የኢንደስን ስምምነት አግጃለሁ ብላለች። ከዚያ በፊት የወንዝ መጠን መረጃ የሚተላለፈው በሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን በኩል ነበር። በነሐሴው ጎርፍ ጊዜ ግን ማስጠንቀቂያው የሄደው እስላማባድ ባለው የህንድ ኤምባሲ በኩል ነው። ውሃው ከሁሴኒዋላ በር ጋንዳ ሲንግ ዋላ ለመድረስ የሚሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። መልእክቱ ከዴልሂ እስላማባድ፣ ከእስላማባድ ላሆር፣ ከላሆር ካሱር ይሄዳል።